«አባቴ ‹የማንን ወግ ነው?› አሉኝ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ያደግሁት ደብረ ኤልያስ፣ ገጠር ነው። ከአምና ጀምሮ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ተንታኞችን ዩቲዩብ ላይ እከታተላለሁ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖት፣ መንግሥት በሰው ኑሮ ውስጥ እጁን ስለማብዛቱ የሚሉት ልቤ ውስጥ ገባ። ችግሩ የመጣው ለሰው ሳወራው ነው። ጓደኞቼ «አድኃሪ» ይሉኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማር ታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሲላክባት «መጀመሪያ ሁለተኛ ዲግሪዬን» አለች። እኔም የሴት ልጅ ቦታ ቤቷ እንደሆነ፣ ወጋችንም ይኸው እንደሆነ ነገርኋት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። አባቴ ይደግፉኛል ስል እሳቸው ጭራሽ «ወግ ያልኸው የማንን ወግ ነው? ለወንፈል ስትጠራስ የት ነበርህ?» አሉኝ። ጋሼ፣ እውነት አድኃሪ ሆኛለሁ? ነገሩን በወጉ እንዳውቀውስ ምን ላንብብ፣ ምን ፊልም ልይ?
ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከማርቆስ

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አባትህን ሳላውቃቸው ወደድኋቸው። ጥያቄያቸው እኔ ልጽፍልህ ካሰብሁት ሁሉ ይበልጣል። ደብዳቤው የመጣው ለእኔ ነውና ግን ልሞክር።

መጀመሪያ ይህችን «አድኃሪ» የምትባል ስድብ እንገላገላት። የቆየ ነገር መውደድ ነውር አይደለም። ሁሉን በአንድ ጀምበር እናፍርስ የሚል ሰው ሲመጣ መጠርጠርም ነውር አይደለም። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። እንዲያውም በአገራችን ፖለቲካ የጠፋው እንዲህ ያለ ሰው ነው ባይ ነኝ። ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ አራት ሕገ መንግሥት አይተናል፤ ሁለት የጃንሆይ፣ አንድ የደርግ፣ አንድ አሁን ያለው። በየመካከሉ ደግሞ ያለ ሕገ መንግሥት የኖርንባቸው ዓመታት አሉ። አዲስ የመጣ ሁሉ የቀደመውን ከሥሩ ነቅሎ፣ ካርታውን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የባንዲራውን ዓርማ ሳይቀር ለውጦ ከአንድ ይጀምራል። «ቆይ እስቲ፣ የቀደሙት ይህን ያደረጉት ለምን ነበር?» የሚል ሰው በየዘመኑ ቢገኝ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ጓደኞችህ ላይ ብዙ አትናደድ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብሁት። ሐሳቡ ሁሉ የመጣው ከስልክህ ነው። ከደብረ ኤልያስ የመጣ ነገር ቢኖር የአባትህ ጥያቄ ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ወግ አጥባቂ የሚጠብቀው የራሱ ነገር አለው። ከ1787 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሕገ መንግሥት አለው። የክፍለ ግዛቶቹን ሥልጣን ከዋሽንግተን ይከላከላል፣ የጦር መሣሪያ መያዝ መብቱ ነው፣ ግብር አይበዛብኝ ይላል። ስለ መሬት ሲያወራ በስሙ ያለ፣ ሲያሻው የሚሸጠው ንብረት ማለቱ ነው። አባትህ የሚያርሱት መሬት ግን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የሕዝብ ተብሏል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከዚያ በፊት የነበረው ርስት ራሱ እንደ አሜሪካኑ የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። ታዲያ የሰውየውን ንግግር እንዳለ ተርጉመህ ብታቀርብላቸው አባትህ ግራ ቢጋቡ ምን ይገርማል?

በዚህ መንገድ ከአንተ በፊት የሄደ ትውልድ አለ። በ1960ዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ከሞስኮና ከፔኪንግ የመጡ ቀጫጭን መጻሕፍት አንብበው ሲያበቁ የአባቶቻቸውን ነገር ሁሉ አድኃሪ አሉት። አንተ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ የመጣ ቪዲዮ አይተህ አባትህን ስለ ወግ ልታስተምር ሞከርህ። በዚህስ እነሱ ይሻሉ ነበር፤ ቢያንስ መጽሐፍ ነው።

ለዚህ ነው ከፊልም ሁሉ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» የማስቀድምልህ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ጀርመን ሄዶ ሕክምና የተማረው አንበርብር ብዙ አይቶ፣ አካሉ ጎድሎ፣ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ተማሪዎቹ ጀርመን ቁጭ ብለው ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ ሲጨቃጨቁ ስታይ የራስህን የቡና ቤት ክርክር ታያለህ። ረጅም ነው። ጊዜውንም እያቀላቀለ ይሄዳል። ትዕግሥት ይዘህ ግባ።

ወደ ጎጃም ልመለስ። አንተ ከአሜሪካ የምትፈልገው ታሪክ ደጅህ ላይ ተፈጽሟል። የጃንሆይ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። በ1960 ዓ.ም. በሞጣ፣ በብቸና፣ በሌላውም ወረዳ ገበሬው እምቢ አለ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሕጉ የለውጥ ሕግ ነው። ገበሬው ግን ሌላ ነገር አየበት። መሬቴ ሊለካ ነው፣ ከተለካ ርስቴ ሄደ አለ። ሹመኛ «ለጥቅምህ ነው» ብሎ ሲመጣ ምን እንደሚከተል የሚያውቀው ከኑሮው ነው። ጦር ተላከበት። ብዙ ችግር ከደረሰ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ መንግሥትም አፈገፈገ።

የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «ኢትዮጵያ፦ ፓወር ኤንድ ፕሮቴስት» ለዚህ አመፅ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ከቫንዴም ጋር ያነጻጽሩታል። ቫንዴ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በ1793 እ.ኤ.አ.፣ ገበሬው ለቄሱና ለንጉሡ ብሎ በአብዮተኞቹ ላይ የተነሣበት አገር ነው። የጎጃሙስ እንደዚያ ነበር ወይ? ነው ጥያቄው። አንብበውና ራስህ ፍረድ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ርስቱን ለማቆየት ብሎ በንጉሡ መንግሥት ላይ ጠመንጃ ያነሣ ገበሬ ከዩቲዩብ ተንታኞችህ ሠንጠረዥ ውስጥ የት ይገባል? ቀኝ ነው ወይስ ግራ?

ርስት ራሱ ምን እንደነበረ ለማወቅ ደግሞ አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አለልህ። ዳሞት ድረስ መጥቶ፣ ከገበሬው ጋር ኖሮ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ የመሬት ሥሪት መጽሐፍ አሳተመ። ደረቅ ነው፤ አልዋሽህም። ግን አንድ ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ርስት ከዋናው አባት ሲወርድ በወንድም በሴትም ነው። ሰው በእናቱ ወገን ቆጥሮ ይጠይቃል፤ ሴት ልጅም ትወርሳለች፣ ታወርሳለች። በተግባር ማረሻው በወንዱ እጅ ስለሆነ ወንዱ ይበረታ ነበር፤ ሙግቱም ማለቂያ አልነበረውም። መብቱ ግን ነበረ። የሰማንያውን ጋብቻም አስብ። ባልና ሚስት ሲለያዩ ሴቲቱ ድርሻዋን ይዛ ነው የምትወጣ። በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ያገባች ሴት በስሟ ንብረት መያዝ የማትችልባቸው አገሮች ነበሩ።

እማሆይ ገላነሽንስ ሰምተሃል? ዓይናቸው አያይም። የአባታቸውን የቅኔ ጉባኤ ወርሰው እዚያው ጎጃም፣ ጽላሎ፣ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ካህናት፣ ወንዶች፣ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። ቤተ ክህነት ከሁሉ በላይ ወግ የሚጠበቅበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነው የምነግርህ። ስለዚህ እህትህን «ቦታሽ ቤትሽ ነው፣ ወጋችን ነው» ስትላት የጠቀስህላት ወግ የኦሃዮ ይሁን የቴክሳስ አላውቅም። የኦሃዮ ሴቶችም የሚስማሙበት አይመስለኝም።

ግን ደግሞ ወደዚያኛው ገደል እንዳትገባ። ያለ ዕድሜ ጋብቻም ወግ ተብሎ የኖረ ነው። ጎጃም ውስጥ ምን ያህል ልጆች ትምህርታቸውን እንዳስጣለ ለአንተ አልነግርህም፤ የምታውቃቸው አሉ። ወግ ነው ያልነውን ሁሉ ተሸክመን ልንሄድ አይደለም። «ድፍረት» የሚለውን የዘረሰናይ መሐሪን ፊልም እይ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ያገኘውን። ታሪኩ ጠለፋ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ጉባኤ ከፍርድ ቤቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አልቀረቡም፣ እዚህ ላይ ነው የፊልሙ ጉልበት። የሚያውቁትን እየጠበቁ ነው። የልጅቷን ነገር ግን አያዩትም።

ከእህትህ ጋር ያለውን አስቀድም። ስልኩን ተወው፣ ተሳፍረህ ባሕር ዳር ሂድ። ምሳ ጋብዛት። ማብራሪያ አታብዛ፤ «በማላውቀው ገብቼ ተናገርሁ» በቂ ነው። ከዚያ ወንድም የሚሠራውን ሥራ ሥራ፦ ሽማግሌ የላኩትን ሰዎች አንተው አነጋግራቸው። ልጅቷ ትምህርቷን እስክትጨርስ የሚጠብቅ ከሆነ ይጠብቅ፣ ካልሆነም በክብር ይለያዩ። ይህ ደግሞ የወግ ሥራ ነው፤ የወንድም ድርሻ ነው። አባትህም ይህን ሲሰሙ የወንፈሉን ነገር የሚረሱልህ ይመስለኛል። የሚመጣው ክረምት ግን አትቅር።

ስለ ወንፈል ካነሣን አይቀር፣ ተንታኞችህ «መንግሥት እጁን ያንሳ» ሲሉ ምሳሌ ፍለጋ ይደክማሉ። አንተ በምሳሌ መሐል ነው ያደግኸው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፤ እነዚህ የቅኔና የመጻሕፍት ቤቶች ስንት መቶ ዓመት ሲያስተምሩ በጀት የመደበላቸው ሚኒስቴር አልነበረም። የቆሎ ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ባላገሩም ካለው ይቆርስለታል። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ እድሩም እንደዚያው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ጠጋ ብለህ ብታጠና፣ ማን እንደሚያዋጣ፣ ሲጣሉ ማን እንደሚያስታርቅ፣ ለምን እየተዳከመ እንደሆነ ብትጽፍ፣ እኔ ራሴ ጓጉቼ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። ከምዕራባውያኑ አንድ ብቻ የምታነብ ከሆነ ኤድመንድ በርክን አንብብ። አየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ ፓርላማ ያገለገለ ሰው ነው። ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈው መጽሐፍ በ1790 እ.ኤ.አ. ወጣ። ንጉሡ አንገታቸውን የተቀሉት በ1793 ነው። አስቀድሞ ሸተተው ማለት ነው። ሰው አገሩን መውደድ የሚጀምረው ከቅርቡ ካለች ትንሽ ማኅበሩ ነው ይላል። ራሱን ለመለወጥ መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን ለማቆየትም መንገድ የለውም ይላል። ይህን የሚለው የወግ አጥባቂዎች አባት የሚባለው ሰው ነው፣ ልብ አድርግ። ዩቲዩብ ላይ ስሙን እንጂ ይህን ነገሩን ሲጠቅሱ ብዙም አልሰማም። በርክ የአሜሪካ ቅኝ ተገዥዎች ተበድለዋል ብሎ የቆመ፣ ሕንድን ያጎሳቆለውን የገዛ አገሩን ሹም ዓመታት የፈጀ ክስ አቅርቦ የሞገተ ሰው ነው። ኃይለኛን መፍራት ወግ ማክበር አልመሰለውም።

የቅርብ ዘመን ከፈለግህ የእንግሊዙ ሮጀር ስክሩተን አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ወግ አጥባቂ ስለመሆን የጻፋት መጽሐፍ አጠር ያለችና ለጀማሪ የምትሆን ናት። ሰውየውን የወደድሁት ግን በሌላ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሚኒስት ቼኮዝሎቫኪያ ድረስ በድብቅ እየሄደ፣ በሰው ሳሎን ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩ ሰዎችን ያስተምር ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ተይዞ ተባረረ።

ከአማርኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ድገመው። አውቃለሁ፣ በትምህርት ቤት አንብበኸዋል። አሁን በዚህ ጥያቄ ዓይን አንብበው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያገርህ ልጅ ናቸው፤ ማንኩሳና ዲማ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ሰው ይተነፍሳሉ። ጉዱ ካሳን ሁሉም ሰው አብዮተኛ ያደርገዋል። እኔ አይመስለኝም። ጉዱ ካሳ የሚለው ልማድና ሕግ በየጊዜው ካልታደሰ በራሱ ጊዜ ይናዳል፣ ሲናድም ሁሉን ይዞ ነው። በርክን አጠገቡ አስቀምጠህ ስታነበው ወንድማማች ይመስሉሃል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። አብዮቱ የፈነዳው በ1966። መስማት የነበረባቸው ሰዎች ስምንት ዓመት ነበራቸው። እኛ አፍራሾቹን ስንወቅስ እንኖራለን፤ ማደስ ሲችሉ ያላደሱትን ማን ወቀሳቸው? ፊታውራሪ መሸሻም ወግ ጠባቂ ነኝ ባይ ናቸው። የሚጠብቁት ግን የገዛ ኩራታቸውን ነበር፣ ዋጋውን የከፈለችው ደግሞ ሰብለ ወንጌል ናት። ባሕር ዳር ከመሄድህ በፊት ይህን ክፍል ብታነብ ደስ ይለኛል። ማንበብ ከሰለቸህ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልገህ ስማ።

የአቸፈሩ አቤ ጉበኛም አይቅርብህ። «አልወለድም» በ1955 ወጥቶ ታገደ፤ በኋላም ደራሲው ወደ ጎሬ በግዞት ተላኩ። ርእሱን አይተህ የአሜሪካኖቹ የፅንስ ማቋረጥ ክርክር እንዳይመስልህ። በማኅፀን ያለ ልጅ ወደዚህ ዓይነት ዓለምስ አልመጣም የሚልበት ታሪክ ነው። የድሮውን ዘመን የሚናፍቅ ሰው ሁሉ ማንበብ አለበት።

ናፍቆት ካልን፣ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ፤ የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። ተርጓሚው እንዴት እንደሠራው ስታስብ ብቻ መጽሐፉን ታከብረዋለህ። ታሪኩ ግን አደገኛ ነው። ስለ ጠፋው የአሜሪካ ደቡብ በጣም በሚያምር ናፍቆት ይነግርሃል። ናፍቆቱ ውስጥ ባሪያዎቹ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ይመስላሉ። እንዲህ የሚያምር ነገር ስታነብ «በዚህ ቤት እንጨት የሚፈልጠው ማን ነው?» እያልህ አንብብ።

ፊልሞቹን ልጨምርልህ። «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ»፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ሊያገባ ሲል ሹሙ ቶማስ ሞር አላጸድቅም ብሎ እስከ ሞት ይሄዳል። አንድ ቦታ አማቹ ሰይጣንን ለመያዝ ከሆነ የአገሩን ሕግ ሁሉ እቆርጠዋለሁ ይላል። ሞር ደግሞ፣ ሕጉን ሁሉ ጥለኸው ሰይጣኑ ዞሮ ሲመጣብህ የት ትደበቃለህ? ይለዋል። እኛ አገር በየቴሌቪዥኑ ቢታይ የምመኘው ትዕይንት ነው።

አሜሪካንህን ከወደድህ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» እይ፤ 1946 እ.ኤ.አ.። ትልቅ ከተማ ለመሄድ ሲመኝ የኖረ ሰው ትንሽ ከተማው ውስጥ የድሆችን የቁጠባና የቤት ብድር ቤት ሲያስተዳድር ይቀራል። ከዕቁብ ጋር ብዙ አይራራቅም። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ጸሎት፤ አንተ የምትወደው ሁሉ አለበት። የሚያስቀው፣ ባለ ባንኩን ክፉ አድርጎ አሳይቷል ተብሎ ኤፍቢአይ ኮሚኒስት ይሆን እንዴ ብሎ ጠርጥሮት ነበር።

የጃፓኑ «ቶኪዮ ስቶሪ»ም አለ፣ የኦዙ፣ 1953 እ.ኤ.አ.። ሽማግሌና አሮጊት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይሄዳሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። ከልቧ የምታስተናግዳቸው ሟች ልጃቸው ያገባት ምራታቸው ብቻ ናት። ታሪኩ በዝግታ ነው የሚሄድ። ለእኔ ግን ስለ ቤተሰብ ከተሠሩት ሁሉ አንደኛ ነው። ከአባትህ ጋር ብታየው ትርጉሙን እያነበብህላቸው ይሁን።

ተንታኞቹን እርግፍ አድርገህ ተዋቸው አልልህም። አንዳንዶቹ ብልህ ናቸው። ግን የሚኖሩት በተመልካች ነው፣ ተመልካች ደግሞ ሲናደድ ነው የሚመለሰው። ቪዲዮው ሲያልቅ ከማታውቀው አሜሪካዊ ጋር ተጣልተህ ከተገኘህ ያን ሰውዬ ቀንሰው። «አድኃሪ» የሚሉህን ጓደኞችህን ደግሞ በክርክር አትረታቸውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዘህ ሂድና ጉዱ ካሳ የማን ወገን ነው ብለህ ጠይቃቸው። አንድ ምሽት አይበቃችሁም።

በርክን ስትጀምር ዐረፍተ ነገሩ እንደሚረዝምብህ እወቅ፣ መዝገበ ቃላት አጠገብህ ይሁን። ወደ መጨረሻው ስለ ፈረንሳይ ግምጃ ቤትና ስለ ወረቀት ገንዘቡ የሚዘረዝረውን ብትዘለው ግን አልቀየምህም፤ እኔም ዘልዬዋለሁ።